የቄጠማው ሰው

ጽዋው የደረሰኝ በጥቅምት አሥራ ሁለት ማታ፣
በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ፣
በባጃጄ የኋላ ወንበር እንደ ተሳፋሪ ተደላድሎ።
ከገበያው እስከ ሽምብጥ ጎማዬ ጉድጓድ በነካ ቁጥር
«ቀስ!» ይላሉ ጋሽ አንማው፣ «ከአባትህ ይበልጣል በዕድሜ፤ እንዳይሰበር!»

ሙሴያችን ናቸው ጋሽ አንማው።
ባሕር የከፈለው አይደለም፤ የማኅበር ሙሴ፣
ተራ የሚጠብቅ፣ የተኳረፈ የሚያስታርቅ፣
የሞተ ቃል ሲያገኝ ቀስቅሶ እንደ ልጅ የሚስቅ።

«ገሃድ?» ይሉኛል መንገድ ላይ።
የጥምቀት ዋዜማ ጾም፤
ደስታ ሊገባ ሲል ደጃፍ ላይ የሚቆም።
«አክፍሎት?»
ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ዶሮ ጩኸት፣ ውኃ እንኳ የማይቀመስበት።
«ቅራሪ?»
የጋኑ ወገብ ሲጎድል ውኃ የጨመሩበት፤
«እንደኔ ነዋ!» አሉ፣ «ፍሬው ወጥቶ ቀለሙ የቀረበት።»

ከዚያ አያታቸው ያዩትን ያወሩኛል፣ የደጃዝማቹን ግብር፤
አጋፋሪው ዱላውን ይዞ ከበር፣
መጋረጃው ሲነሣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚገባ፣
ሻኛ ለማን እንደሚደርስ፣ ለማን ፍሪምባ።
ለሁሉም ስም ነበረው፣ ለስሙ ብልት፣ ለብልቱም ቦታ፤
ለበረኛው፣ ለጠጅ ጣይዋ፣ እጅ ለሚያስታጥበው፣
ጧፍ ይዞ ለሚቆመው ማታ።

አባቴም በዚህ ቋንቋ ስም ነበረው፦ አሳላፊ።
ወጥ አሳለፈ፣ ጠላ አሳለፈ፣ ዳቦ አሳለፈ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ሲያሳልፍ ኖሮ
ለራሱ ምን እንዳስቀረ እንጃ፤ በሐምሌ አለፈ።
ወንበሩን ወረስሁ።
እሱ ወንበር አልነበረውም።

ኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው
ወደ ሐይቁ ወረድሁ፣ ቄጠማ ላስቆርጥ።
እንድሪስ ታንኳውን ከደንገሉ ጥግ አስጠግቶ
እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ ቆሟል፣ ማጭዱ ሲያብለጨልጭ።
አምስት ሸክም። በዋጋ ተጣላን፤ ታረቅን።
«የአባትህንም እኔ ነበርሁ የማመጣው» አለኝ፣
«የሠርጉን፣ ያንተን ክርስትና፣ ዘንድሮ ተዝካሩን።
ቤታችሁን እስከ ደጃፉ አውቀዋለሁ።»

እስከ ደጃፉ።

ደጃፍ ላይ አራግፎ ተመለሰ። ቤቱ ሐይቅ ሐይቅ ሸተተ።
ቄሱ ደገሙ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤
ከሃያ አራት ማኅበርተኛ የመጣነው ዘጠኝ፤
ለእግዜር እንግዳ፣ አባቴ እንዳስለመደን፣ አንድ ቦታ ባዶ አደረ።
ማንም አልመጣበትም።

ብርሌ ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል
ከእግሬ ሥር እርጥቡ ተሰበረ፤ ድምፁን ሰማሁት።
«ጋሽ አንማው፣ ቄጠማ የሚያመጣው ሰው
በግብሩ ምን ይባል ነበር?» አልሁ።
አሰቡ። የብርሌውን አንገት አሹት።
የበረኛውን ስም የሚያውቁት፣ አጥንት የሚጠብቀውን ሎሌ እንኳ፣
ዝም አሉ፣ ጠላው እስኪረጋ።
«እሱማ» አሉ በመጨረሻ፣ «እሱማ… አይገባም ነበር።»

በነጋታው ዳቦ ይዤ ወረድሁ። ሥጋውን ትቼ፤ ሃይማኖቱን አውቃለሁ።
እንድሪስ እጁን ታጠበ፣ ለሁለት ቆረሰው፣
ትልቁን ለእኔ መለሰው።
የትናንቱን ጥያቄ ነገርሁት። ሳቀ፤ ብዙም አልቆየ።
«ለኛም ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው አሉ፣
ከአያቴ አያት በፊት።
ለድግስ ቃል ሳይኖረው አይቀርም፣ ለእንግዳም፣ ማን ያውቃል፣ ላንተም።
የት ላይ እንደ ሰጠመ የሚያሳይ ሰው የለም።»

ውኃው የታንኳውን ሆድ መታ፣ መታ።
ጫማዬ ላይ የሚካኤል ቄጠማ አልደረቀም፤
ፍርፋሪውን ለዓሣ በተነና ማጭዱን አነሣ፦
«ለገና ስንት ሸክም ላስቀምጥልህ?»

«ገና ነው» አልሁት።
ሌላ ቃል አጣሁ።